ትንሽ አይሮፕላን ሲያርፍ የፊት ጎማው ለምን ከመስመር ይወጣል?

(በሆሞሻ ለዕረፍት ወደየቤታቸው ለተመለሱ ተማሮችና ለወጣት መካኒኮች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት ከሆሞሻ የራቀ ይመስላል። ስለ ማንጎ፣ ስለ ሸመል ወይም ስለ ወርቅ አጠባ ቢሆን ኖሮ ከእኛ ይልቅ እናንተ መምህራን በሆናችሁ ነበር። ስለ አይሮፕላን ጎማ ለመናገር እዚህ መቆማችን ግን ምክንያት አለው።

ሆሞሻ ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች አገር ናት። ከአሶሳ ተነሥቶ በጊምቢና በነቀምት በኩል አዲስ አበባ የሚደርሰው የየብስ ጉዞ ምን ያህል ረዥም እንደሆነ የሄደበት ሁሉ ያውቀዋል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጸጥታው መጓደል ምክንያት ያ መንገድ ብዙ ጊዜ ሲቋረጥ፣ የአሶሳ አይሮፕላን ማረፊያ የቅንጦት ነገር እንዳልሆነ ሁላችንም ተረድተናል። በዚህ ወረዳ ያለው የሸርቆሌ የስደተኞች ሰፈር ከተከፈተበት ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮም ከሩቅ የሚመጣ ሐኪምና ባለሙያ መንገዱ በአሶሳ ሆኗል። እንግዲህ አይሮፕላን በደኅና ማረፉ የሌላ ሰው ጉዳይ ነው ልንል አንችልም።

ንግግራችን ስለ ትልልቆቹ አይሮፕላኖች አይደለም። ለበረራ ትምህርት ስለሚያገለግሉት አራት መቀመጫ ስላላቸውና፣ እንደ ሴስና ካራቫን ባለ አንድ ሞተር ሆነው አሥር ያህል ሰው ይዘው በጠጠርና በሣር ሜዳ ላይ ስለሚያርፉት ነው። በእነዚህ ዘንድ እጅግ የተለመደ ሕመም አለ። አይሮፕላኑ ከአየር በሰላም ይመጣል፤ ሁለቱ ዋና ጎማዎች መሬት ይነካሉ፤ የፊት ጎማው ዝቅ ብሎ መሬት በነካ ጊዜ ግን አይሮፕላኑ ወደ አንድ ጎን ይስባል፣ ወይም የፊት እግሩ ግራና ቀኝ እየተርገበገበ መላ አካሉን ያንቀጠቅጣል። ይህን ሕመም መርምሮ ማዳን እንዴት እንደሚቻል እናስረዳለን።

የፊት ጎማ ከየት መጣ?

የቀድሞዎቹ አይሮፕላኖች የፊት ጎማ አልነበራቸውም። ሁለት ጎማ ከፊት፣ ትንሽ ድጋፍ ወይም ጎማ ከጅራት ነበራቸው። በ1928 ዓ.ም. በአገራችን ተሠርታ የበረረችው፣ በኋላም ወደ ኢጣልያ ተወስዳ በጥር 2016 ዓ.ም. የተመለሰችልን «ፀሐይ» በጅራቷ ላይ የምታርፍ ነበረች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመጋቢት 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገበት ዲሲ 3ም እንዲሁ የጅራት ጎማ ያለው ነበር።

እነዚህ አይሮፕላኖች ጠንካሮች ቢሆኑም አንድ ጠባይ ነበራቸው። የክብደታቸው ማእከል ከዋና ጎማዎቹ በስተኋላ ስለሆነ፣ ሲያርፉ ጥቂት ጠመም ካሉ ክብደቱ ራሱ ጥመቱን ያባብሰዋል። ካሬታን ወደ ፊት ገፍታችሁ ስትሮጡ በድንገት እንደሚዞርባችሁ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት መሐንዲሶች ሦስተኛውን ጎማ ወደ ፊት አመጡት። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድ ዊክ እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳየው አይሮፕላን፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1937 በበረረው ኤርኩፕ ላይ ይህ አሠራር ለትንንሽ አይሮፕላኖች እንደሚስማማ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1956 ለገበያ የወጣው ሴስና 172 ደግሞ ባለ ጅራት ጎማው የሴስና 170 ልጅ ሲሆን፣ ከ44,000 በላይ ተሠርቶ በዓለም ላይ በብዛቱ አቻ ያልተገኘለት አይሮፕላን ሆኗል።

የክብደቱ ማእከል ከዋና ጎማዎቹ በስተፊት ሲሆን፣ አይሮፕላኑ ቢጠምም እንኳ ክብደቱ ራሱ መልሶ ያቃናዋል። ነገር ግን መድኃኒት ሁሉ የራሱ ጠንቅ አለው። የፊት ጎማው ቀጭን እግር ላይ የተተከለ፣ መዞር የሚችልና ከሞተሩ በታች ያለ ነው። በብዙዎቹ ትንንሽ አይሮፕላኖችም እግሩ የሚታሰረው ሞተሩን ከተሳፋሪው በሚለየው ስስ የእሳት መከላከያ ግድግዳ ወይም በሞተሩ ማቀፊያ ላይ ነው። ክብደቱን የሚሸከሙት ዋና ጎማዎቹ ናቸው፤ የፊተኛው እንዲመራ እንጂ እንዲሸከም አልተሠራም። የችግሩ ሥር ይህ ነው።

ሦስት ዐይነት አመራር

ሕመሙን ከመመርመር በፊት የፊት ጎማው በምን እንደሚመራ ማወቅ ያስፈልጋል። ሦስት ዐይነት አለ።

1ኛ/ በብረት ዘንግ በቀጥታ ከእግር መርገጫው ጋር የተያያዘ። ፓይፐር ቼሮኪ እንዲህ ነው። አብራሪው የጅራቱን መሪ ለማዞር ሲረግጥ የፊት ጎማውም፣ በአየር ላይ ሳለ ጭምር፣ አብሮ ይዞራል።

2ኛ/ በሞላ የተያያዘ። ሴስና 172 እንዲህ ነው። በመርገጫው በግራም በቀኝም 10 ዲግሪ ያህል ይዞራል፤ የአንድ ጎን ፍሬን ሲጨመርበት እስከ 30 ዲግሪ ይደርሳል። አይሮፕላኑ ከመሬት ሲነሣ አሞርዛተሩ ተስቦ ይረዝምና ውስጡ ያለው ጥርስ ጎማውን በቀጥታ መስመር ላይ ይቆልፈዋል።

3ኛ/ ከምንም ጋር ያልተያያዘ፣ በነፃ የሚዞር። ለማሠልጠኛ የሚያገለግለው ዳይመንድ ዲኤ 40 እንዲህ ነው። አብራሪው በፍጥነት ሲሄድ በጅራት መሪ፣ በዝግታ ሲሄድ በግራና በቀኝ ፍሬን ይመራዋል። ጎማው እንዳይርገበገብ የሚይዘው እንደ ሞላ የሚሠሩ ራንዴላዎች የሚፈጥሩት ሰበቃ ነው።

ሁሉም ግን አንድ ሕግ አላቸው። ጎማው መሬት የሚነካበት ነጥብ ከሚዞርበት ምሰሶ በስተኋላ መሆን አለበት። በሐኪም ቤት የሕመምተኛ ተሸካሚ አልጋ ስትገፉ ትንንሾቹ ጎማዎች ተገልብጠው ወደ ኋላ የሚከተሏችሁ በዚህ ሕግ ነው። አልጋውን በፍጥነት ስትገፉት ደግሞ ከጎማዎቹ አንዱ እንደ ዕብድ ግራና ቀኝ ሲርገበገብ አይታችኋል። መካኒኮች «ሺሚ» የሚሉት ይኸው ነው።

ምርመራው በጥያቄ ይጀምራል

ጥሩ ሐኪም መርፌ ከማንሣቱ በፊት ይጠይቃል። መካኒክም ቁልፍ ከማንሣቱ በፊት አብራሪውን መጠየቅ አለበት። ጥያቄውም «ምን ሆነ?» ብቻ አይደለም፤ «መቼ ሆነ?» የሚለው ይበልጣል።

ሀ/ በዝግታ መሬት ላይ ሲነዳም ሲያርፍም ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ፣ ጥፋቱ ቋሚ ነው። መፈለግ ያለበት በጎማና በፍሬን፣ በዘንጎቹም ርዝመት ላይ ነው።

ለ/ ፍሬን ሲረገጥ ብቻ የሚስብ ከሆነ፣ የፊት ጎማውን ተዉት፤ የዋና ጎማዎቹን ፍሬን እዩ።

ሐ/ የፊት ጎማው መሬት በነካበት ቅጽበት ብቻ ወደ ጎን የሚወረወር ከሆነ፣ አንድም አብራሪው መርገጫውን እንደረገጠ ጎማውን አሳርፎታል፣ አንድም ቆላፊው ጥርስ ወይም የዘንጎቹ አሰላለፍ ጎማውን ቀጥ አድርጎ አልያዘውም።

መ/ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ብቻ የሚርገበገብ ከሆነ ሺሚ ነው።

ሠ/ ነፋስ ከጎን ሲነፍስ ብቻ ወደ ነፋሱ አቅጣጫ የሚዞር ከሆነ፣ አይሮፕላኑ እንደ ማንኛውም አይሮፕላን ጠባዩን አሳየ እንጂ አልታመመም።

ከዚህ ቀጥሎ ቀላሉንና ርካሹን አስቀድሞ መመርመር ነው። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ግን ተቃራኒው ነው። ጎማው ተርገበገበ ሲባል ውድ የሆነው የሺሚ ማብረጃ ይለወጣል፤ ጥቂት ቀን ደኅና ይሆንና ሕመሙ ይመለሳል። ምክንያቱም ማብረጃው ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ሥሩን አይነቅልም። በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ያለው ልቅነት እስካልጠፋ ድረስ አዲሱም ማብረጃ እንደ አሮጌው ይደክማል።

የሚስብ አይሮፕላን

ለሚስብ አይሮፕላን ሥራው በጎማ ነፋስ ይጀምራል። በአንዱ ዋና ጎማ ያለው ነፋስ ከሌላው ካነሰ፣ ያነሰበት ጎን ይጎትታል። ይህን ለማወቅ የነፋስ መለኪያ ብቻ ይበቃል። ቀጥሎ አይሮፕላኑን በደንቡ በጃክ አንሥቶ እያንዳንዱን ጎማ በእጅ ማሽከርከር ነው፤ አንዱ በነፃ ሲዞር ሌላው ቶሎ የሚቆም ከሆነ፣ ፍሬኑ ነክሶ ይዞታል ወይም ኩሽኔታው ግራሶ አጥቷል። ከዚያም በደልዳላ ሜዳ ላይ ረዥም ቀጥ ያለ መስመር በኖራ አስምሮ፣ የጅራት መሪው መካከል ላይ ሳለ አይሮፕላኑን በእጅ መግፋት ነው። ሞተርና ነፋስ በሌሉበት ከመስመሩ የሚወጣ ከሆነ፣ ጥፋቱ ከአብራሪው እግር ሳይሆን ከብረቱ ነው። በመጨረሻ የመሪ ዘንጎቹ ርዝመት፣ የጅራት መሪው መካከል ሲሆን የፊት ጎማውም መካከል እንዲሆን፣ በአምራቹ መጽሐፍ ልክ ይስተካከላል።

በሴስና ላይ ሌላም ልዩ ነገር አለ። የአሞርዛተሩ ግፊት ከልክ በላይ ከሆነ ወይም ጭነቱ ወደ ኋላ ካደላ፣ አይሮፕላኑ ካረፈ በኋላም እግሩ አያጥርም፤ ጥርሱም እንደተቆለፈ ይቀራል። አብራሪው ቢረግጥ ጎማው አይታዘዘውም። ያን ጊዜ «መሪው ተሰበረ» ይባላል፤ መሪው ግን ደኅና ነው።

የሚርገበገብ ጎማ

ለሺሚ የሚከተለው ተራ ይጠቅማል።

1ኛ/ ጎማው ራሱ። በአንድ ጎን የተላጨ፣ ሚዛኑ ያልተስተካከለ፣ ነፋሱ ያነሰ ጎማ ለሺሚ ይጋብዛል። በቸርኬው ላይ ጭቃ ደርቆ ቢቀር እንኳ ሚዛን ያዛባል። ይህ በክረምት በጭቃ ሜዳ ለሚያርፉ አይሮፕላኖች የዘወትር ነገር ነው።

2ኛ/ የጎማው ኩሽኔታ። የላላ እንደሆነ ጎማው በእንዝርቱ ላይ ይወላገዳል።

3ኛ/ መካኒኮች «መቀስ» የሚሉት፣ የአሞርዛተሩን የላይኛውንና የታችኛውን ክፍል የሚያያይዘው መታጠፊያ። ጎማው እንዳይሽከረከር አቅጣጫውን የሚይዘው እርሱ ነው። ቡሎኖቹና ማቀፊያ ቀለበቶቹ ከተበሉ ጎማው በራሱ ፈቃድ ጥቂት ይዞራል፤ ያ ጥቂት በፍጥነት ጊዜ ብዙ ይሆናል። ምርመራው ቀላል ነው። አፍንጫው በደንቡ ከመሬት ከተነሣ በኋላ ጎማውን በሁለት እጅ ይዞ ግራና ቀኝ መነቅነቅ፣ ሌላው ሰው ደግሞ የትኛው መገጣጠሚያ አስቀድሞ እንደሚንቀሳቀስ በዓይኑ መከታተል ነው።

4ኛ/ ማብረጃው። ትንሽ ዘይት የተሞላበት ቱቦ ነው፤ ቀስ ብለው ሲገፉት ይሄዳል፣ ቶሎ ሲገፉት ይቋቋማል። በእጅ ሲገፉት መጀመሪያ ባዶ ሆኖ ኋላ የሚይዝ ከሆነ፣ ዘይቱ ጎድሎ አየር ገብቶበታል፤ ወይም የታሰረበት ቡሎን ላልቷል።

5ኛ/ በነፃ በሚዞረው ዐይነት ላይ የራንዴላዎቹ ሰበቃ። ሰበቃው ካነሰ ጎማው ይርገበገባል፤ ከበዛ ደግሞ በዞረበት ተጣብቆ ይቀራል። ልኩ የሚታወቀው በሚዛን እየሳቡ እንጂ በግምት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። አሞርዛተሩ ውስጥ በኃይል የታመቀ አየር ወይም ናይትሮጅን አለ። ግፊቱ ሳይወጣ መቀሱን የፈታ ሰው ፊቱን ከመድፍ አፍ ላይ እንዳደረገ ይቁጠረው። የመኪና አሞርዛተር ስለፈታችሁ ብቻ ይህን አትንኩ። በአገራችን ሕግም ቢሆን አይሮፕላንን ጠግኖ ለበረራ ብቁ ነው ብሎ የሚፈርመው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ የሰጠው ሰው ብቻ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

የአሶሳ ከፍታና የአብራሪው ድርሻ

አሁን ደግሞ ወደ አብራሪው እንምጣ። ጎማው ደኅና ሆኖ አስተራረፉ የሚያሳምመው ጊዜ ብዙ ነውና።

በአምራቾች መጽሐፍ የተጻፈው የማረፊያ ፍጥነት አብራሪው በመሣሪያው የሚያነበው ነው። መሣሪያው የሚለካው ግን የአየሩን ግፊት እንጂ መሬት ከሥሩ የሚሸሽበትን ፍጥነት አይደለም። አሶሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። በበጋ ቀትር ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ይበልጥ ይሳሳል። በዚያን ጊዜ በመሣሪያው በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር የሚያነብ አብራሪ፣ ነፋስ ከሌለ በመሬት ላይ ወደ 124 ኪሎ ሜትር ግድም ይሄዳል። አይሮፕላኑ ይዞት የሚመጣው ጉልበት በፍጥነቱ ሁለተኛ ደረጃ ስለሚያድግ፣ በባሕር ጠረፍ ካለው ከሩብ በላይ ይበልጣል። 2,300 ሜትር ከፍታ ባለው ቦሌ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። እንግዲህ በባሕር ጠረፍ ፀጥ ብሎ የሚያርፍ ጥቂት የላላ ጎማ፣ አሶሳ ሲደርስ የሺሚውን ፍጥነት አልፎ መርገብገብ ቢጀምር ልንደነቅ አይገባም። እዚህ ቅርብ ጊዜ የተለማመደ አብራሪም መሬቱ ሲሮጥበት አይቶ ከልኩ በታች ፍጥነት መቀነስ የለበትም፤ ክንፉ የሚያውቀው በመሣሪያው የሚነበበውን ነው። በዚያው መጠን ከልኩ በላይ ፍጥነት መጨመርም የለበትም።

ፍጥነት ጨምሮ የመጣ አብራሪ፣ አይሮፕላኑ አልወርድ ሲለው ትዕግሥት አጥቶ መሪውን ወደ ፊት ይገፋል። ያን ጊዜ ክብደቱ ሁሉ በፊት ጎማው ላይ ይወድቃል፤ ዋና ጎማዎቹ ይቀላሉ። አይሮፕላኑ ቀደም ብለን እንደ ጠቀስነው ካሬታ ይሆናል፤ በአንድ ጎማ ላይ ቆሞ በፈለገው አቅጣጫ ይዞራል። ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው። አስቀድሞ በዋና ጎማዎቹ ማረፍ፤ መሪውን ወደ ራስ ይዞ አፍንጫውን ከፍ አድርጎ ማቆየት፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ የፊት ጎማውን በዝግታ ማሳረፍ፤ በተለይም በቼሮኪ ዐይነት፣ ጎማው መሬት ሊነካ ሲል መርገጫውን ወደ መካከል መመለስ። ሺሚ ከጀመረ ደግሞ መሪውን ወደ ራስ ስቦ የፊት ጎማውን ማቅለልና ፍጥነት መቀነስ ነው። ፍሬን በድንጋጤ መርገጥ ግን ክብደቱን ወደ ፊት ስለሚያመጣ እሳት ላይ ዘይት መጨመር ነው።

ዋናው ቁም ነገር

ወንድሞችና እኅቶች፤ ይህን ሁሉ የዘረዘርነው ስለ ቡሎንና ስለ ራንዴላ ብቻ ለማውራት አይደለም። የፊት እግሩ ቢታጠፍ ፕሮፔለሩ መሬት ይመታል፤ ፕሮፔለሩ መሬት ከመታ ሞተሩ ፈርሶ መመርመር አለበት፤ የእሳት መከላከያው ግድግዳም ይጨማደዳል። ሰው ባይጎዳ እንኳ አይሮፕላኑ ለወራት ይቆማል። ብዙ አይሮፕላን ባለበት አገር ሌላ ይተካል። አንድ አይሮፕላን በሚጠበቅበት ጠረፍ ግን የሚተካው የለም። አንድ ላልቶ የተተወ ቡሎን ምጥ የያዛትን እናት ሊያስቀር ይችላል።

የዚህ ሁሉ መነሻ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝምታ ነው። አብራሪው ጥቂት መርገብገብ ይሰማውና «ካሳወቅሁ ማረፍ አያውቅም ይሉኛል» ብሎ ይተወዋል። መካኒኩም ጥቂት ልቅነት ያይና «ከጻፍሁ በረራ አስቀረ ይሉኛል» ብሎ ያልፈዋል። አንዱ በሌላው ሲያመካኝ ጎማው ሥራውን ይቀጥላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። የአይሮፕላን መዝገብ የተዘጋጀው ጥፋተኛን ለመክሰሻ ሳይሆን ሕመምን ለመያዣ ነው። «ግንቦት 3፣ በማረፍ ላይ፣ ፍሬን ሳይረገጥ፣ ወደ ግራ ሳበ» ተብሎ የተጻፈ አንድ መስመር፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከሚደረግ ክርክር ይበልጣል። አለቆችም ይህን የጻፈውን ሰው ማመስገን እንጂ መገሠጽ አይገባቸውም። የሚገሥጹት ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ የሚጽፍላቸው አያገኙም።

ከእናንተ መካከል በጋራዥ የምትሠሩ አላችሁ፤ ወደ ቴክኒክ ትምህርት የምትገቡ አላችሁ፤ አንድ ቀን የአይሮፕላን ጥገና ትምህርት የምትማሩም እንደምትኖሩ እናምናለን። ከኩርሙክ መንገድ በመጡ መኪናዎች ላይ መሪው ለምን እንደሚስብ በጥያቄ መርምሮ፣ ከርካሹ ጀምሮ፣ ያገኘውን በደብተር የሚጽፍ ልጅ ግማሹን ትምህርት ዛሬውኑ ጀምሮታል። ቀሪውን ግማሽ መጽሐፉና መምህሩ ይሰጡታል። ይህን ትምህርት ለመማር ከአዲስ አበባ መወለድ አያስፈልግም፤ የጠረፍ ልጅ የጠረፉን አይሮፕላን ቢጠግን ከማንም ይልቅ የሚጠነቀቀው ለራሱ እናት ነውና።

ስለዚህ ከዚህ ስብሰባ ስንወጣ ሁለት ነገር ይዘን እንውጣ እንላለን። አንደኛው፣ ብልሽትን «መቼ?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ ነው። ሁለተኛው፣ ያዩትን ሳይፈሩ የመጻፍ ልማድ ነው። ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁን፤ የምናውቀውን እንመልሳለን።